«መረጃ» እና «ዳታ» በኮምፒዩተር አጠቃቀም መመሪያዎች

የትምህርት ቤቶችንና የዩኒቨርሲቲዎችን የኮምፒዩተር አጠቃቀም መመሪያ በአማርኛ ለሚያዘጋጅ ሰው ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «መረጃ» ነው። «ማስረጃ» ከ«አስረዳ» እንደተገኘ ሁሉ «መረጃ»ም ከ«ተረዳ» የወጣ የመሣሪያ ስም ስለሆነ፣ መሠረታዊ ፍቺው «መረዳት የሚቻልበት ነገር» ነው።

ይሁን እንጂ በሕግ ጽሑፎቻችን ቃሉ የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦችን ተሸክሟል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሕዝብ ከመንግሥት አካላት ሊያገኝ የሚገባውን «መረጃ» ይለዋል። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎትን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 804/2005 ደግሞ ቃሉን ለአገር ደህንነት ተግባር አውሎታል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 808/2006 ባዕዱን «ኢንፎርሜሽን» መረጠ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም «የኮምፒዩተር ዳታ» አለ።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። መመሪያው «የተማሪን መረጃ ለሌላ መስጠት ያስቀጣል» ቢል፣ የጓደኛውን ውጤት በቃል የተናገረውና የሬጅስትራሩን ፋይል የገለበጠው በአንድ ቃል ይዳኛሉ።

ስለዚህ በኮምፒዩተር የተመዘገበው ጥሬ ፊደልና ቁጥር «ዳታ»፣ ተቀናብሮ ለሰው ትርጉም የሚሰጠው «መረጃ» ቢባል እንመርጣለን። 85 ብቻውን ዳታ ነው፤ የአንድ ተማሪ የሒሳብ ውጤት መሆኑ ሲታወቅ መረጃ ይሆናል። ባዕድ ቃል መቀበሉ ቅር የሚያሰኘው ቢኖርም፣ «ዳታ» በሕግ ቋንቋችን ቀድሞ ስለገባ «መረጃ»ን ለጥንተ ፍቺው ነፃ ያደርገዋል። የሁለቱ ቃላት ፍቺ በየመመሪያው መግቢያ አንቀጽ ሊሰፍር ይገባል።