የአንበሳው ጢም

የማወራችሁ ስለ ሳንቲም ነው።

ከሙከጡሪ ተነሥታችሁ ወደ ለሚ ስትወጡ ሜዳው እህሉን ይዞ ይከተላችኋል፣ ይከተላችኋል፣ ከዚያም ድንገት ያልቅና የጀማ ገደል እግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ ከተማዋን ይሸፍናትና በጠራራው ሰዓት ሱቁ ሁሉ አምፖል ያበራል። እንዲህ ባለ ቀን ነው ከአንዲት ባልቴት ሱቅ የተጠለልነው፤ አንድ መምህርም ነበር፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱ አንድ ጣሳ አሮጌ ሳንቲም አስቀምጦ።

መምህሩ ከጣሳው ሁለት አሥር ሳንቲም አወጣና በጋቢው ጫፍ ጠረጋቸው፣ ከዚያም ወደ አምፖሉ አዘንብሎ አያቸው፣ ከዚያም ጎን ለጎን አድርጎ ወደ እኔ ገፋቸው።

«አባባ፣ እስቲ አንበሳውን ይዩት» አለኝ።

አየሁት፤ በጀርባው ያው ኒያላ፣ በፊቱ ያው አንበሳ፣ ዓመቱም ያው 1969።

«አገጩን!» አለኝ።

ያን ጊዜ ታየኝ። የአንዱ ጢም እኩል ወርዷል፤ የሌላው ግን በግራ በኩል ሁለቱ ሾልከው ረዝመዋል። ለካ ሳንቲሙ በእንግሊዝም በበርሊንም ተሠርቶ ኖሯል፤ የአንዱ ቀራጭ እጅ ከሌላው እጅ ይለያል። ዓመቱ አንድ፣ አገሩ ሁለት!

እኔም ሳቅሁና የአባቶቻችንን አነሣሁለት። የሸዋ ባላገር ጠገራ ብር ሲቀበል ዓመቱን መች ያይ ነበር? በላዩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ የራስ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ዕንቁ ነበር የሚያየው፤ ዕንቁው ከደበዘዘ «አልቀበልም» ይላል፣ ነጋዴውም ቢለምን ቢቆጣ አይሰማውም። እውነቱን ነው! ሴትዮዋ፣ ማሪያ ትሬዛ፣ በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ብሯ በቪየና ተመታ፣ በሮም ተመታ፣ በለንደን ተመታ፣ በቦምቤይ ተመታ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ግን ከ1780 ንቅንቅ አላለም። አጤ ምኒልክ በፓሪስ ባሠሩት ብር ላይ ዓመቱ ይለወጣል፣ አንበሳውም አብሮ ይለወጣል፤ የ1887ቱ ግራ እግሩን ያነሣል፣ የ1892ቱ ቀኙን። በጃንሆይ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተመልሶ እንደ ጠገራው ሆነ፤ በፊላዴልፊያ የተጀመረው ሳንቲም ለዓመታት ሲሠራ 1936ን እንደያዘ ቀረ።

ባልቴቷ እስከዚህ ድረስ ስኳር እየመዘኑ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። አሁን ግን ሚዛኑን አስቀመጡና «ስሙኒውንስ?» አሉ። ስሙኒ መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር፣ መዳብ ነው፣ በመጠኑ ግን ከብሩ ሽልንግ ጋር ይቀራረባል፤ ታዲያ አንዳንዱ ብልጥ ብር ቀባ ያደርገውና ምሽት ላይ «ሽልንግ ነው» ብሎ ይሰጣል፣ ድሃ ደግሞ ሲነጋ ያለቅሳል። ምን ዓይነት ሆድ ነው ብላችሁ ጠይቁ! መንግሥትም ክቡን ሰበሰበና ጠርዙን ጥርስ አወጣለት፣ በጨለማም ጣት እንዲለየው። እሳቸውም ይህን ሲናገሩ አውራ ጣታቸውን ባዶ አየር ላይ እንደ ስሙኒ ጠርዝ ያሽከረክሩ ነበር።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ጣሳውን ገለበጠው። ክብ ስሙኒ አልተገኘም። ባለጥርሱ ግን ሁለት ነበረ፤ የአንዱ ጥርስ የለሰለሰ፣ የሌላው በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ሻካራ፣ ዓመታቸው ግን ያው 1936። መምህሩም ሁለቱን ለየብቻ በወረቀት ጠቀለላቸው።