አደይና ግራዋ በመተማ ቆላ

ስለ መተማ የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። እኛም አስቀድመን የተማርነው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚህ ሜዳ ቈስለው መሞታቸውን ነው። ይህ ሊረሳ የማይገባው ነገር ነው። ነገር ግን በዚሁ በር ያለፈው ጦር ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ አልፏል፤ ቡናና ሰም አልፏል፤ ዕፅዋትን የሚሰበስቡ ሰዎችም አልፈዋል። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚወጣው በዚህ መጽሔት ስለ አበባ ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን መጽሐፍ ሳይሆን፥ የዘራነው አበባ አልጸድቅ ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ክረምት በፊት ግቢውን ለማስጌጥ አስበን፥ ከጭልጋ በኩል የአደይ አበባ ዘር አስመጥተን በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ዘራን። የብዙዎቻችን ወላጆች ከደጋ የመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ሠፈራ የወረዱ ስለሆኑ፥ እንቍጣጣሽ ያለ አደይ ጎዶሎ መሆኑን ሲነግሩን አድገናል። ዘሩ በቀለ፤ ቀጥኖ ወጣ፤ ጥቂት አብቦ ጠወለገ። በሚቀጥለው ክረምት አንዲት እንኳ አልበቀለችም።

የሳይንስ መምህራችን ምክንያቱን ሲያስረዱን ጥፋቱ የቆላው ብቻ እንዳልሆነ ዐወቅን። አደይ በወይና ደጋና በደጋ የሚመቸው አበባ ነው። ከዚህም በላይ አብዛኛው የአደይ ዐይነት አንድ ክረምት ኖሮ የሚሞት በመሆኑ፥ ለከርሞ የሚተርፈው ዘሩን ካራገፈ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ለእቅፍ አበባ ብለን ዘር ሳይቋጥር ሁሉንም ቀጥፈነው ነበር! መምህራችንም፥ «ከዚሁ ቤተ ሰብ ሆኖ ዓመት ከዓመት የሚኖር ተክል ከፈለጋችሁ፥ ግራዋ አለላችሁ» አሉን።

ሳቅን። ግራዋ ለእኛ የጠላ ጋን ማጠቢያ እንጂ አበባ አልነበረም። ነገር ግን የዚህ ቤተ ሰብ ምልክቱ፥ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑ ነው። አደይ፥ ኑግ፥ ሱፍ፥ ኮሸሽላ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የግራዋንም ነጭ አበባ በጣታችን ፈልቅቀን ስናይ ያው ሆኖ አገኘነው። ታሪኩን መመርመር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ፥ ያን ጊዜ ራስ ፊል ይባል በነበረው በመተማ አካባቢ ሰንብቶ፥ በ1772 ወደ ስናር ወረደ። በጓዙ ውስጥ የአገራችን ዕፅዋት ሥዕሎች ነበሩ። ብሩስ ከአስዋን በመለስ በረሓ ላይ ግመሎቹ አልቀውበት ጓዙን ጥሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ባያነሣው ኖሮ፥ ሥዕሎቹን አሸዋ በበላቸው ነበር። የሣላቸው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀርቷል፤ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የራሱ ሥራ አስመሰላቸው። ይህን ስናነብ ደስ አላለንም።

ግራዋ ራሱ በአውሮፓ ሳይንስ መዝገብ የገባው ከድንበሩ ማዶ ነው። የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ሱዳንን ለመያዝ ሲዘምት፥ ፈረንሣዊው ፍሬዴሪክ ካዮ አብሮት እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። ካዮ የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ዴሊል የተባለ የአገሩ ሊቅ መርምሮ በ1826 ሲያሳትም፥ ግራዋን ቬርኖኒያ አሚግዳሊና አለው። አሚግዳሊና ማለቱ ቅጠሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ለውዝ የተባለውን ዛፍ ቅጠል ስለሚመስል ነው። ቬርኖን ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረና በሰሜን አሜሪካ ዕፅ የለቀመ እንግሊዛዊ ነው። ጋን በግራዋ ስታጥብ የኖረች የጎንደር ባልቴት ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

በ1865 ጌዎርግ ሽቫይንፉርት እዚሁ መተማ ድረስ መጥቶ ዕፅዋት ለቅሟል፤ በአውሮፓ ከተቀመጡት ደረቅ ዕፆቹም በአንዳንዶቹ ላይ የከተማችን ስም ይነበባል። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች በተባበሩበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ፥ ይህን ቤተ ሰብ የያዘው ክፍል በ2004 ሲታተም፥ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ሆነ። ከአደይ ዐይነቶች የአንዱም ሳይንሳዊ ስም ዛሬ የእርሱን ስም አስከትሎ ይጻፋል።

ግራዋ እንዴት እንደሚያዝ ግን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት፥ «ልጆቼ፥ ዘር አትፈልጉ፤ በሰኔ ከበሰለው ግንድ ቈርጣችሁ ትከሉ» አሉን፤ ከጓሯቸውም አምስት ቍራጭ ሰጡን። ሥሩ እስኪይዝ ውሃ እንዳይተኛበት ጕድባ ማስያዝ፥ ለምስጥ ዐመድ መበተን፥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመጋቢትና በሚያዝያ ማታ ማታ ውሃ ማጠጣት አስተማሩን። ሲረዝምም ቢቈረጥ መልሶ ያቈጠቍጣል። ከመራራነቱ የተነሣ እንስሳት አይደፍሩትም ብለን ነበር፤ የዘበኛው ፍየል ግን አንዱን ቀንጥባ ሐሳባችንን አፈረሰችው። ለነገሩ በናይጄሪያ ቅጠሉን አጥበው በወጥ ይበሉታል፤ በታንዛንያም የታመመ ቺምፓንዚ ግንዱን ልጦ ውስጡን ሲያኝክ ሊቃውንት ተመልክተዋል።

ከአምስቱ ሁለቱን ምስጥ በላቸው። ሦስቱ ሁለተኛውን በጋ አልፈው፥ አደይ ከረገፈ ብዙ ሳምንት በኋላ፥ በጥር ወር ሌላው ሁሉ ደርቆ ሳለ ነጭ አበባ አወጡ። ንቦቹ ከወዴት እንደ መጡ አናውቅም፤ የአሥረኛ ክፍል መስኮት ግን ለአንድ ሳምንት ተዘግቶ ሰነበተ።