መዓዛ መንግሥቴ

መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ትውልደ ኢትዮጵያዊት የታሪክ ልብ ወለድ ደራሲ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ገና በአራት ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር አገር ለቃ ወጣች። ናይጄሪያና ኬንያ ኖራ አሜሪካ ገባች፤ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ድርሰት ተማረች።

የመጀመሪያ ልብ ወለዷ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ደርግ ሲተካ የአንድ ሐኪም ቤተሰብ እንዴት እንደታመሰ ይተርካል።

ስሟን ዓለም ያወቀው ግን በ2019 በወጣው «ዘ ሻዶ ኪንግ» ነው። መጽሐፉ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጥላ እንደ አዲስ ጀምራለች። ዘመኑ 1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ የጣሊያን ወረራ ነው። ወላጆቿን ያጣችው ሂሩት በጦር አለቃው በኪዳኔ ቤት ገረድ ናት፤ አባቷ የተወላትን ውጅግራ ጠመንጃ ኪዳኔ ይቀማታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ፣ መልኩ እሳቸውን የሚመስል «ምንም» የሚባል ድሀ ንጉሥ መስሎ ለሕዝቡ ይታያል፤ ሂሩትም ወታደር ሆና ታጅበዋለች። በጠላት በኩል ይሁዲው ጣሊያናዊ ወታደር ኤቶሬ ናቫራ እስረኞችን በካሜራ ያነሣል፤ የሙሶሊኒ የዘር መድልዎ ግን እሱንም አይምረውም።

በፉከራና በቀረርቶ ላደገ አንባቢ ከባዱ ነገር ኪዳኔ ነው። አገሩን የሚከላከለው ይኸው ጀግና ሂሩትን ይደፍራል፤ ደራሲዋም አርበኝነቱን ምክንያት አድርጋ በደሉን አትሸፍንለትም። የመጽሐፉ ጥንካሬም እዚህ ላይ ይመስላል።

መዓዛ ስለ ሴት ዘማቾች መረጃ ስታሰባስብ በቤተሰቧ ውስጥ አንዲት እንዳለች አታውቅም ነበር። መጽሐፉን በመጻፍ ላይ ሳለች እናቷ ስለ ቅድመ አያቷ ነገሯት። ከየቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እንዲዘምት ሲታዘዝ፣ የቅድመ አያቷ አባት ጠመንጃውን ለባሏ ሊሰጡ አሰቡ። የመጀመሪያዋ ልጅ እኔ ነኝ ብላ አባቷን ከሰሰች፤ ተፈረደላትና ጠመንጃውን ይዛ ዘመተች። ደራሲዋ የጣሊያን ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎችም ለዓመታት ሰብስባለች።

ልብ ወለዱ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት ስድስት የመጨረሻ መጻሕፍት አንዱ ሆነ፤ ሽልማቱን ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት ወሰደው። በዚያው ዓመት «አዲስ አበባ ኑዋር» የተሰኘውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል በአርታኢነት አሳትማለች። በውስጡ ያለው የራሷ ታሪክ በ2021 የኤድጋር ሽልማትን አስገኝቶላታል።