ምርመራ በጊዜው



በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም፤ ስለ መንግሥት ንብረት ስሞታ በቀረበ ጊዜ ምርመራ የሚታዘዘው መቼ ነው? ወሬ በተሰማ ቁጥር መርማሪ ቢላክ ሥራ ይቆማል፤ የንጹሕ ሰው ስምም ይጐድፋል። ቢዘገይ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። መልሱን ለማግኘት የብቸናንና የሞጣን ታሪክ እናስታውስ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ መንግሥት የቀድሞውን ዐሥራት ሽሮ ገበሬው ከሚያገኘው ገቢ እንዲከፍል አሰበ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ቅን ነበረ። ነገር ግን ርስቱን ከአባቶቹ የተረከበው የጎጃም ገበሬ፥ የምርቱ ግምት ለመሬት ልኬት፥ ልኬቱም ለርስት መነጠቅ መንገድ ይከፍታል ብሎ ሰጋ። በዚህ ላይ በግብር ሰብሳቢዎችና በገዥዎች በደል ለብዙ ዘመን የተጠራቀመ ቅሬታ ነበረው። ቅሬታው በወቅቱ ስላልተመረመረ፥ በዚያው ዓመት የብቸናና የሞጣ ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም ብለው መሣሪያ አነሡ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው የተነሡት፥ ውዝፉም ግብር የተሰረዘው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በመጨረሻ የተፈቀደው ሁሉ አስቀድሞ በምርመራ ሊፈቀድ ይችል ነበር።

ይኸው ትምህርት ለመንግሥት ንብረት ሽያጭም ያገለግላል። የመንግሥትን ድርጅቶች ወደ ግል የሚያዛውር ኤጀንሲ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ተሽጠዋል። በዚህም ሥራ ገማች አለ፤ ሕዝቡም የጋራ ንብረታችን በስንት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። በእንግሊዝ አገር በ2006 ዓ.ም. የመንግሥት ፖስታ ድርጅት አክሲዮን እያንዳንዱ በ330 ፔንስ ተሸጠ፤ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን 455 ፔንስ ሆኖ ዋለ። የአገሪቱ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤትም ሳይውል ሳያድር መርምሮ፥ ያገኘውን በዚያው ዓመት ለሕዝብ ገለጸ። ሽያጩ አልፈረሰም፤ ነገር ግን የሐሜቱን ቦታ ሰነድ ያዘው።

እንግዲህ ወሬ ብቻውን ለምርመራ አይበቃም። ነገር ግን የተሸጠበት ዋጋ ከግምቱ እጅግ የራቀ እንደ ሆነ፥ ጨረታው ለሁሉ ያልተገለጠ እንደ ሆነ፥ ለጠየቀም ሰው መልስ የተከለከለ እንደ ሆነ፥ ከሦስቱ አንዱ በታየበት ቀን መዝገቡ ይከፈት። በዚያን ቀን ሰነዱ በእጅ፥ ምስክሩም በአገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምርመራው ጥፋተኛን ከመቍጠር በቀር ጥፋትን አይመልስም።

አንባቢ ሆይ፤ በጠረጴዛህ ላይ ያደረው አቤቱታ ምናልባት ከነዚህ አንዱ ነውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል።