ተርኒንግ ቶርሶ፦ በመርከብ መሥሪያው ሥፍራ የቆመው የማልሞ ምልክት

በደቡባዊ ስዊድን የባሕር ዳርቻ በምትገኘው የማልሞ ከተማ፣ 190 ሜትር ከፍታ ያለው ተርኒንግ ቶርሶ የተሰኘ ነጭ ሕንጻ ከሩቅ ይታያል። በስፔናዊው አርክቴክት ሳንቲያጎ ካላትራቫ የተነደፈው ይህ ባለ 54 ፎቅ ሕንጻ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2005 ተመርቋል። ከመሠረቱ እስከ ጫፉ 90 ዲግሪ ይጠመዘዛል፤ የንድፉ መነሻም አርክቴክቱ ራሱ የሠራው፣ ወገቡን ያዞረ የሰው አካል የሚያሳይ ቅርጽ ነው።

ሕንጻው የሚገኝበት ምዕራባዊ ወደብ ቀድሞ የኮኩምስ የመርከብ መሥሪያ ነበር። ኩባንያው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያስተዳድር ነበር፤ ይሁን እንጂ የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስና ከእስያ የመጣው ፉክክር አዳከሙት፤ የንግድ መርከብ ግንባታውም በ1980ዎቹ አከተመ። በቦታው የተከፈተው የሳብ መኪና ፋብሪካም ብዙ ሳይቆይ በ1991 ተዘጋ።

138 ሜትር ከፍታ የነበረው የኮኩምስ ግዙፍ ክሬን ለዓመታት የከተማዋ መለያ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ክሬን በ1 ዶላር ለደቡብ ኮሪያው ሂዩንዳይ ተሸጦ በ2002 ወደ ኡልሳን ተጓዘ። በዚያም «የማልሞ እንባ» የሚል ስያሜ አገኘ።

የአካባቢው ዳግም መነሣት ግን የአንድ ሕንጻ ውጤት አይደለም። በ1998 የማልሞ ዩኒቨርሲቲ በወደቡ አቅራቢያ ሥራ ጀመረ፤ በ2000 ከተማዋን ከዴንማርክ መዲና ኮፐንሃገን ጋር የሚያገናኘው የኤረሱንድ ድልድይ ተከፈተ። በ2001 የተካሄደው የመኖሪያ ቤቶች ዐውደ ርእይም የኃይል ፍላጎቱን ከነፋስ፣ ከፀሐይ እንዲሁም ከባሕርና ከከርሰ ምድር ውሃ በአካባቢው እንዲያገኝ የታቀደ መንደር ትቶ አለፈ።

ተርኒንግ ቶርሶ ራሱ ያለ ፈተና አልተሠራም። ወጪው ከታሰበው በእጅጉ ናረ፤ ለሽያጭ የታቀዱት 147 መኖሪያ ቤቶችም በቂ ገዢ በመታጣቱ ለኪራይ ቀረቡ። ከሁሉ በላይ፣ አዲሶቹ የሥራ ዕድሎች በአብዛኛው የተማረ የሰው ኃይል የሚሹ በመሆናቸው የቀድሞዎቹን የፋብሪካ ሥራዎች በቀጥታ አልተኩም። ማልሞ ዛሬም ከስዊድን አማካይ ከፍ ያለ የሥራ አጥነት መጠን ያለባት ከተማ ናት። ወደቡ ነፍስ ቢዘራም፣ በረከቱን ለመላው ከተማ ማዳረስ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።