የፍሬዝኖ ቦይ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ከተሞች ቆሻሻቸውን የሚገላገሉበት መንገድ የሚያኮራ አልነበረም። ከፊሉ ባሕር ውስጥ ይደፋል፣ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ለአሳማ ይቀለባል። የቀረው ከተማ ዳር ተከምሮ አይጥና ዝንብ ይፈለፈልበታል። በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ የነበረው መሐንዲስ ዣን ቪንሰንዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ።

ቆሻሻን በአፈር መሸፈን እንግሊዞችም ቀደም ብለው ጀምረውታል፤ ቪንሰንዝ የጨመረበት ቦዩንና መደፍጠጡን ነው። ረጅም ቦይ ይቆፈራል፤ የዕለቱ ቆሻሻ ይገለበጥበታል፤ ማሽን እየተመላለሰ ይጠቀጥቀዋል፤ ሳይመሽ ከቦዩ የወጣው አፈር መልሶ ይለብሰዋል። በማግስቱም እንዲሁ። በደንብ የተጠቀጠቀ ቆሻሻ ለአይጥ መሹለኪያ አይሰጥም፤ አፈር የለበሰም ዝንብ አያራባም፣ እሳትም ቶሎ አይነሳበትም። ብዙ ከተሞች ዘዴውን ወሰዱት።

ቪንሰንዝ የላዩን በሚገባ አስቦበታል። ስለ ታቹ ግን በዚያ ዘመን የሚጨነቅ አልነበረም። ዝናብ በቆሻሻው ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ አሟሙቶ ይወስዳል፤ አየር አጥቶ የሚበሰብሰው ደግሞ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል። ከሥር የሚያግድ ንጣፍ ስላልነበረ የፍሬዝኖ መርዛማ ኬሚካሎች ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ገቡ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1987 ተዘጋ፤ በ1989 የፌዴራሉ መንግሥት በአስቸኳይ ሊጸዱ ይገባል ካላቸው የተበከሉ ሥፍራዎች ተርታ ገባ። በ2001 ደግሞ ያው ቦታ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። ይህ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እኔ ግን ሁለቱም መዝገብ ይገባዋል እላለሁ።

ዛሬ ሥራው የሚጀምረው ከሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር፣ በላዩም ፕላስቲክ እንዲነጠፍ ያዛል፤ ፕላስቲኩ HDPE የተባለው ዓይነት ከሆነ ውፍረቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ፕላስቲኩ የሚመጣው በጥቅል ነው፤ ጠርዝና ጠርዙ ተደራርቦ በሙቀት በሁለት መስመር ይበየዳል፤ በመስመሮቹ መካከል አየር ተነፍቶ ግፊቱ ከቀነሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነውና ተፈልጎ ይደፈናል። በንጣፉ ላይ ጠጠርና ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይጠራቀም ተስቦ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ጋዙም በቱቦ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ወይም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በዙሪያው በተቆፈሩ ጉድጓዶች የከርሰ ምድሩ ውሃ በየጊዜው ይመረመራል፤ ክትትሉም ቦታው ከተዘጋ በኋላ 30 ዓመት ይቀጥላል።

ሕዝቡ ቆሼ የሚለው የአዲስ አበባው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ግን ያለ ንጣፍ ከ50 ዓመት በላይ ተከመረበት። በ2008 ዓ.ም. ዘመናዊ የተባለ ምትክ ሰንዳፋ ላይ ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታው፣ የውሃቸውና የከብቶቻቸው ነገር አሳስቧቸው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ አጠገቡ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ።

ስለዚህ ነገ ሌላ ሥፍራ ሲታጭ፣ ፕላስቲኩ ከመነጠፉ በፊት ጎረቤት ገበሬው ይጠየቅ። ሥራው ከተጀመረ በኋላም የውሃው ምርመራ ውጤት በየጊዜው ይነገረው።