ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሥራው የበረታ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ፦ አምስት ኪሎ ቀን ቀን በተሽከርካሪና በተማሪ ድምፅ የተመላ አካባቢ ነው። ሲመሽ ግን ጸጥታው ይመለሳል። የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት በዚህ ሰፈር በርካታ ወጣቶች የመመረቂያ ሥራቸውን በኮምፒውተር የሚሠሩት ሌሊት ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው በሚተኛበት ጠባብ ቤት የኮምፒውተር ፋን ጩኸት የቤተሰብ እንቅልፍ ጉዳይ ይኾናል። ማቀዝቀዣው ሲደክም ደግሞ ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል ይዘገያል፤ ሲብስም ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይጠፋል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኀይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለቤት የሚኾኑ ፕሮሰሰሮች በመግለጫቸው 65፣ 105 ወይም 125 ዋት የሚል ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ሥራ ሲበዛባቸው ከዚህም በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። በርቶ የቆየ የ60 ዋት የድሮ አምፖል በእጅ አይያዝም። ፕሮሰሰሩ ያንኑ ያህል ሙቀት የሚያወጣው ከጥፍር ብዙም በማይሰፋ ቦታ ላይ ነው።

ሙቀቱ 90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ደካማ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው የከፈለበትን ፍጥነት አያገኝም ማለት ነው።

ማቀዝቀዣው እንዴት ይሠራል?

ለቤት ከሚመረጡት ብዙዎቹ ማቀዝቀዣዎች የመዳብ ቱቦዎች፣ ስስ የአልሙኒየም ክንፎችና ፋን አላቸው። የቱቦው አሠራር ከአረቄ ማውጣት ጋር ይመሳሰላል። በጋለው ጫፍ ፈሳሹ ይተናል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲደርስ ሙቀቱን ለክንፎቹ አስረክቦ ተመልሶ ፈሳሽ ይኾናል። ልዩነቱ በቱቦው ውስጥ የታሸገው ጥቂት ፈሳሽ ሳይወጣ እየተመላለሰ መሥራቱ ነው። ፋኑ የክንፎቹን ሙቀት በአየር ጠርጎ ይወስዳል።

ከፍታና የአየር ጠባይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ቀላል በመኾኑ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከዚህ በላይ ከፍ በሚሉ ከተሞች ጉድለቱ ይጨምራል። በመኾኑም ደጋ ላይ የሚኖር ሰው በመግለጫው ላይ ከፕሮሰሰሩ ፍጆታ ጋር ልክ ለልክ የኾነውን ሳይኾን አንድ ደረጃ የሚበልጠውን ማቀዝቀዣ ቢመርጥ ይበጀዋል።

የደጋው አየር ቀዝቃዛ መኾኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራልና፣ እንደ መተማ ባለ ቆላ የሚኖር ሰውም ሰፋ ያለ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱ ግን የአየሩ መሳሳት ሳይኾን ሙቀቱ ነው።

ጸጥታ የሚገኘው ከስፋት ነው

ትንሽ ፋን በቂ አየር ለማንቀሳቀስ በፍጥነት መዞር አለበት፤ ጩኸቱም ከዚያ ይመጣል። 120 ወይም 140 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፋን ባለ 80 ሚሊ ሜትሩ የሚያንቀሳቅሰውን አየር በዝግታ እየዞረ ያሳልፋል። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ብቻውን ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማል።

ፋኑ አራት ቀዳዳ ያለው ማገናኛ ካለው ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ ሊቆጣጠር ይችላል። ከዚያ በባዮስ ገብቶ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ በዝግታ እንዲዞር ማስተካከል ያለ ተጨማሪ ወጪ ጸጥታን ያስገኛል።

ውኃ የሚጠቀሙ ማቀዝቀዣዎች ብዙ ሙቀት ለሚያወጡ ፕሮሰሰሮች ይጠቅማሉ። ኾኖም ፓምፓቸው የራሱ ድምፅ አለው፤ ከፋን በተለየ ሲበላሽ በቀላሉ አይለወጥም። ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ደኅና ባለ ክንፍ ማቀዝቀዣ ይበቃል።

ከመግዛት በፊት የሚለካ

የመጀመሪያው የማዘርቦርዱ ሶኬት ዓይነት ነው። ለምሳሌ የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 የመግጠሚያ ቀዳዳዎች ከቀድሞው ኤልጂኤ 1200 ጋር አይገጥሙም። ሁለተኛው ቁመት ነው። የኦስትሪያው ኖክቱዋ የሚሠራው ኤንኤች ዲ 15 165 ሚሊ ሜትር ይቆማል፤ በጠባብ ኬዝ ውስጥ ክዳኑ አይዘጋም። ሦስተኛው ከሚሞሪው ጋር አለመጋጨቱ ነው። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ የራሳቸው የተለየ ማገናኛ ስላላቸው ኬዙን ከፍቶ ሳያዩ መግዛት ገንዘብ ያባክናል።

ከሁሉ በፊት ጽዳት

የጮኸ ፋን ሁሉ መለወጥ የለበትም። የበጋው አቧራ በክንፎቹ መካከል ሲጋገር አየር አያልፍም፤ ፋኑም ለማካካስ ይፈጥናል። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይገባል። የደረቀውን ተርማል ፔስት በአልኮል ጠርጎ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ጠብታ ማድረግም ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

አዲስ ማቀዝቀዣ ሲገጠም ከሥሩ ያለውን መከላከያ ላስቲክ መላጥ አይዘነጋ። ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ ሳይኾን በሰያፍ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። ትልልቆቹ ማቀዝቀዣዎች ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ ኮምፒውተሩን በአውቶብስ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ቢፈታቸው ማዘርቦርዱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል።